የልደት ቀን በወደብ ከተማ

በዛሬው እትም የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል፣ ምናልባትም ቅንጦት ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ልደት ቀን ነው። ስለ ልጆች ልደት ግን አይደለም፤ ፊኛውና ኬኩ በየቤታችን ከገባ ቆይቷልና። የምንወያየው ስለ ባልና ስለ ሚስት ልደት ነው። ባለቤታችሁ የተወለደበትን ቀን ታውቁታላችሁ? ካወቃችሁትስ ባለፈው ዓመት እንዴት አሳለፋችሁት?

ብዙዎቻችን ያደግነው የአዋቂ ልደት በማይከበርበት ቤት ነው። እናቶቻችን የተወለድንበትን ጊዜ ሲጠየቁ "አጨዳ ላይ ነበርን" ወይም "ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው" ይሉናል እንጂ ቀንና ዓመተ ምሕረት አይቆጥሩም። በስደት ወደ አሜሪካ ከሄዱት ወገኖቻችን መካከልም በመታወቂያቸው ላይ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 የሆነ ብዙ አሉ። ቀኑ በትክክል ሳይታወቅ ሲቀር በቅጹ ላይ የዓመቱ መጀመሪያ ስለሚሞላ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት በአንድ ቀን "የተወለዱ" ሆነው የተገኙበትን ቤት ብታዩ አይግረማችሁ።

ቀኑ እርግጠኛ ባይሆንም ግን ሰውየው እርግጠኛ ነው። ልደት ማክበር ማለት "አንተ በመኖርህ፣ አንቺ በመኖርሽ ደስ ብሎኛል" ብሎ መናገር ነው። ይህን ቃል ከትዳር ጓደኛው ከሰማ ስንት ዓመት የሆነው ሰው አለ! ቀኑ ካልታወቀ ሁለታችሁ ተስማምታችሁ አንድ ቀን ምረጡ። ዋናው ነገር በዓመት አንድ ቀን ለእርሱ፣ አንድ ቀን ለእርሷ መኖሩ ነው።

ለምን የአንድ ቀን ጉዞ?

በሚኒሶታ፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ኑሯቸውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንዱ ቀን ይሠራል፣ ሌላው ሌሊት። ልጆች ብቻቸውን እንዳይሆኑ ሲባል አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ከዚያ በሚገኘው ገንዘብ የቤት ኪራይ ይከፈላል፣ የመኪና ዕዳ ይከፈላል፣ ወደ አገር ቤት ይላካል። ለራስ የወጣ ገንዘብ ደግሞ ከእናት ጉሮሮ የተነጠቀ ይመስላል። በዚህ መካከል "የሳምንት ዕረፍት እንውጣ" ማለት የማይሆን ነገር ነው፤ ሆቴሉ፣ ከሥራ የሚቀረው ቀን፣ የልጆቹ ጠባቂ ሁሉ ይደመራል።

አንድ ቀን ግን ይቻላል። ከሴንት ፖል በአውራ ጎዳና 35 ወደ ሰሜን 240 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከተነዳ የዱሉዝ ከተማ ይደረሳል። በአንድ ጋሎን 25 ማይል በምትሄድ መኪና ደርሶ መልሱ የሚፈጀው ቤንዚን 12 ጋሎን ነው። በጠዋት ወጥቶ ማታ ልጆቹ ሳይተኙ መመለስ ይቻላል።

ዱሉዝ በሱፒሪየር ሐይቅ ምዕራባዊ ጫፍ የተቀመጠች የወደብ ከተማ ናት። ሐይቁ በስፋቱ በዓለም ካሉት ጨው አልባ ሐይቆች ሁሉ ይበልጣል፤ 82 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ጣና ሐይቅን ሃያ ጊዜ ብታስቀምጡበት ገና ቦታ ይተርፈዋል። ጥልቀቱ እስከ 406 ሜትር ይወርዳል። ውኃው በበጋ እንኳ የሚያንዘፈዝፍ ነው። ከወዲያ ማዶ ምንም ስለማይታይ "ሐይቅ ነው" ብሎ ማመን ይከብዳል። በእርግጥም ከባሕር ጋር የተገናኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የሴንት ሎውረንስ የመርከብ መስመር ከተከፈተ ወዲህ የውቅያኖስ መርከቦች ከአትላንቲክ ተነሥተው 3,700 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ መሬት ውስጥ እየዘለቁ እስከ ዱሉዝ ይደርሳሉ። እህል ጭነው ይመለሳሉ። የሐይቁ የራሱ መርከቦች ደግሞ ከሰሜን ሚኒሶታ ተራሮች የሚወጣውን የብረት ማዕድን ጭነው በታችኞቹ ሐይቆች ዳር ወዳሉት የብረት ፋብሪካዎች ይወስዳሉ።

ከመውጣታችሁ በፊት

ጉዞው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገና ከቤት ሳይወጣ ነው። ስለዚህ እነዚህን አስቀድማችሁ ጨርሱ።

አንደኛ፣ ልጆቹን ለሚታመን ቤተሰብ አደራ ስጡ፤ በሌላ ቀን እናንተም የእነርሱን ልጆች ጠብቁላቸው። እንዲህ ያለ ልውውጥ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እነርሱም የራሳቸው ቀን እንዲኖራቸው ያደርጋል።

ሁለተኛ፣ ሌሊት ሠርቶ ያደረ ሰው መሪ አይጨብጥ። እንቅልፍ ያጣ ሹፌር ከሰከረ ሹፌር አይሻልም። የሌሊት ሠራተኛዋ እርሷ ከሆነች ባል ይንዳ፤ እርሷ በመንገድ ላይ ብትተኛ "ለዚህ ነው የወጣነው?" አይበላት። ለባለልደቷ የመጀመሪያው ስጦታ እንቅልፍ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ስንቅ ያዙ። ፍርፍር በዕቃ፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ከተያዘ ምሳ ተቻለ ማለት ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ነፋስ በጋም ይበርዳልና ጋቢ ወይም ጃኬት አትርሱ።

አራተኛ፣ "ዛሬ የማናነሣው" የምትሉትን አንድ ጉዳይ ተስማምታችሁ ቤት ትታችሁ ውጡ። የስልክ ሒሳብም ሊሆን ይችላል፣ የአማት ነገርም ሊሆን ይችላል። ስልካችሁንም ለልጆቹ ጠባቂ ብቻ ክፍት አድርጉት።

መርከቧ ስትጠራ ድልድዩ ይመልሳል

ወደ ከተማዋ ሲቃረብ መንገዱ ከአንድ ኮረብታ አናት ላይ ይወጣና በአንድ ጊዜ ሐይቁ፣ ወደቡና ከተማው ሁሉ ከእግር በታች ይዘረጋል። እዚያ መኪና ማቆሚያ አለ። አትቸኩሉ፤ ውረዱና እዩ።

ከዚያ ወደ ታች ወርዳችሁ ካናል ፓርክ ወደሚባለው ስፍራ ሂዱ። ከሐይቁ ወደ ወደቡ መርከቦች የሚገቡበት ጠባብ ቦይ እዚያ ነው። ቦዩ የተቆፈረው በ1870ና በ1871 ነው። በላዩ የተሠራው የብረት ድልድይ በ1905 ሲከፈት ተሽከርካሪና ሰው በተንጠለጠለ ጋሪ የሚያሻግር ነበር፤ በ1929 እና 1930 ግን መሐሉ ወደ ላይ እንዲነሣ ሆኖ ተለወጠ። መርከብ ሲመጣ መንገዱ ይዘጋና የድልድዩ ወለል እንዳለ ከፍ ይላል፤ ሙሉ በሙሉ ሲነሣ 41 ሜትር ያህል ይወጣል።

እጅግ ከባድ የሆነው ወለል እንዲህ በቀላሉ የሚነሣው ለምን ይመስላችኋል? በሁለቱም ጫፍ ከእርሱ ክብደት ጋር የሚመጣጠኑ የኮንክሪት ማመዛዘኛዎች ስለተንጠለጠሉ ነው። እነርሱ ሲወርዱ ወለሉ ይወጣል፤ ሞተሩ የሚሠራው ቀሪውን ጥቂት ሥራ ነው። አንዱ ጫፍ ብቻውን ሸክሙን ሁሉ ይሸከም ቢባል ግን ድልድዩ ያዘነብላል እንጂ አይነሣም። ትዳር ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሲያይ የሚያስበው አያጣም።

ከሁሉ ደስ የሚለው ግን ድምፁ ነው። መርከቧ ስትቃረብ ረጅምና አጭር ድምፅ እያፈራረቀች ጥሩምባዋን ትነፋለች። ድልድዩም ያንኑ ድምፅ በዚያው ቅደም ተከተል ይመልስላታል። ከዚያ ከ300 ሜትር በላይ የምትረዝም መርከብ በቦዩ መካከል፣ ከቆማችሁበት ብዙም ሳትርቅ ቀስ ብላ ታልፋለች፤ መርከበኞቹን በእጅ ሰላም ማለት ይቻላል። የቦዩ ስፋት 90 ሜትር ገደማ ብቻ ነውና።

ውድ ባለትዳሮች፣ ድልድዩ ለመርከቧ ምንም አዲስ ነገር አይናገርም። የተናገረችውን ራሱን ነው የሚመልሰው። "ሰምቼሻለሁ፤ መንገድሽ ክፍት ነው" ማለቱ ነው። እኛ ግን የትዳር ጓደኛችን "ደክሞኛል" ሲል "እኔስ?" እንላለን። "ከፋኝ" ስትል "ምን ጎደለሽ?" እንላታለን። መፍትሔ ከመስጠታችን በፊት የተባለውን ሰምተን ብንመልስ ስንት ጠብ ከደጅ ይመለስ ነበር! "ደክሞሃል፤ አይቻለሁ" የሚል ቃል ወጪ የለውም።

ከዳር ሆኖ ማየት

ከድልድዩ አጠገብ የሐይቁን የመርከብ ታሪክ የሚያሳይ ማዕከል አለ። መግቢያው ነፃ ነው። የሚመጡትንና የሚሄዱትን መርከቦች ሰዓትም እዚያ ታገኛላችሁ። መርከቦቹ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥር መጀመሪያ ድረስ ይመላለሳሉ፤ በቀረው ጊዜ ሐይቁ በበረዶ ስለሚያዝና የታችኛው በር ስለሚዘጋ ያርፋሉ።

በዚህ ስፍራ ከሚተረኩት ታሪኮች አንዱን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 1905 ከባድ ማዕበል ሐይቁን መታው። ማታፋ የተባለች መርከብ ከማዕበሉ ለማምለጥ ወደዚሁ ቦይ ለመግባት ስትሞክር ከቦዩ የኮንክሪት ግንብ ጋር ተጋጨችና ከዳርቻው ብዙም ሳትርቅ መሬት ይዛ ቀረች። በሺህ የሚቆጠር የከተማው ሰው ወጥቶ ከዳር ቆመ። መርከበኞቹ ይታያሉ። ገመድ ለማድረስ ተሞከረ፤ አልሆነም። በዚያ ማዕበል ጀልባ ማውረድም አልተቻለም። ሰዉ በዳርቻው እሳት አንድዶ ሌሊቱን አደረ። ከ24ቱ መርከበኞች በመርከቧ ኋለኛ ክፍል የነበሩት ዘጠኙ በዚያ ሌሊት ሞቱ። በፊተኛው ክፍል የነበሩት 15ቱ በማግስቱ በጀልባ ወረዱ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት በምክንያት ነው። የማውቃቸው ባልና ሚስት ፈቅደውልኝ የእነርሱን እጽፋለሁ፤ ስማቸውን አልጠቅስም። ሴንት ፖል የሚኖሩ፣ ከተጋቡ 14 ዓመት የሆናቸው፣ የሁለት ልጆች ወላጆች ናቸው። እርሱ ቀን አውቶቡስ ይነዳል፤ እርሷ በሳምንት አምስት ሌሊት በአረጋውያን መኖሪያ ትሠራለች። የሚነጋገሩት ፍሪጁ ላይ በሚለጥፉት ወረቀት ነበር። "ወተት አልቋል"፤ "ትንሹ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው"፤ "ለወንድሜ ልኬያለሁ"።

እርሷ 40 ዓመት ሲሞላት እርሱ ድግስ አሰበ። እርሷ ግን "ማንም ምንም የማይጠይቀኝ አንድ ቀን ስጠኝ" አለችው። በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን፣ ወደ ዱሉዝ ሄዱ። መንገዱን ሁሉ ተኛች። የማታፋን ታሪክ አንብበው ከወጡ በኋላ ቦዩ ዳር ባለው አግዳሚ ላይ ሻይ እየጠጡ ሳለ እንዲህ አለችው፦

"እኔ እዚያች መርከብ ላይ ያለሁ ይመስለኛል። አንተ ከዳር ሆነህ ታየኛለህ። ትሞታለች እያልክ ታየኛለህ፤ ግን አትደርስብኝም።"

እርሱ ዝም አለ። ቆይቶ፣ "እኔ ደግሞ ከዳር የቆምሽው አንቺ ነሽ ብዬ ነበር የማስበው" አላት።

ከዚያ ነው ነገሩ የወጣው። ለብቻዋ የምትከራየው ቤት ስትጠይቅ እንደነበረ፣ የአንዱን ቤት አድራሻ በቦርሳዋ ይዛ እንደምትዞር ነገረችው። እርሱም አገር ቤት እየተሠራ ላለው የወላጆቹ ቤት እርሷ ከምታውቀው በላይ ገንዘብ ቃል ገብቶ፣ እርሱን ለመሙላት የዕረፍት ቀኑን ሁሉ ትርፍ ሰዓት እየሠራ እንደነበር ነገራት። ሻዩ በረደ። መርከብ መጥታ አለፈች፤ አላዩአትም።

አንባብያን ሆይ፣ በዚያ ቀን ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልነግራችሁም። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ብዙ ዝም ብለው እንደነበር አጫውተውኛል። በሚቀጥሉት ሳምንታት ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ተቀመጡ። እርሷ ከአምስት ሌሊት ወደ ሦስት አወረደች። የወላጆቹ ቤት ጣሪያ በአንድ ዓመት እንዲዘገይ ሆነ። ወንድሙ ተቀይሞ ለወራት አልደወለም። ዋጋ ተከፍሎበታል። አድራሻው የተጻፈበት ወረቀት ግን ከቦርሳዋ ወጥቷል፤ የእርሱም ቃል ኪዳኖች አሁን ሁለቱ የሚያውቋቸው ሆነዋል።

ይህን ንግግር ቤታቸው ሆነው ሊያደርጉት አይችሉም ነበር? ምናልባት። ግን ቤት ውስጥ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል፤ ልጅ ይጠራል፤ ስልክ ይጮኻል። ሰው አንዳንድ ቃል ከአፉ እንዲወጣ ጎን ለጎን ተቀምጦ ወደ ሩቅ ማየት ያስፈልገዋል። ሰፊ ውኃ ለዚህ ይመቻል። ፊት ለፊት ሲተያዩ የማይባለው፣ አንድ ነገር አብረው ሲያዩ ይባላል።

ከሰዓት በኋላ

ከባድ ነገር ከተወራ በኋላ እግር ይንቀሳቀስ። ከቦዩ ጀምሮ ሐይቁን ተከትሎ የሚሄድ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የእግር መንገድ አለ፤ የቻላችሁትን ያህል ሂዱ። ጊዜው ሴፕቴምበር ከሆነ ደግሞ ከከተማዋ በላይ ሆክ ሪጅ ወደሚባለው ኮረብታ ውጡ። ከሰሜን የሚሰደዱት ጭልፊቶችና ንስሮች ሰፊውን ውኃ ማቋረጥ ስለማይወዱ ዳርቻውን ይዘው በዚያ በኩል ያልፋሉ፤ ጥሩ ነፋስ ባለበት ቀን ብዙ ይታያል።

ከመመለሳችሁ በፊት ኤንገር ግንብ ላይ ውጡ። ባለ አምስት ፎቅ የድንጋይ ግንብ ሲሆን ወደቡን በሙሉ ያሳያል፤ ክፍያ የለውም። ግንቡ በስሙ የተሰየመለት በርት ኤንገር ከኖርዌይ የመጣ ስደተኛ ነበር። የቤት ዕቃ ነግዶ ሀብት ካፈራ በኋላ ከንብረቱ ለከተማዋ ሰጠ። ግንቡን በ1939 የመረቁት የኖርዌይ አልጋ ወራሽ ኦላቭና ባለቤታቸው ማርታ ናቸው። በ2011 ደግሞ ልጃቸው ንጉሥ ሃራልድ ከንግሥት ሶንያ ጋር መጥተው የታደሰውን ግንብ አዩ። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው እዚያ ላይ ቆሞ "እኔስ በዚህ አገር ምን ትቼ አልፋለሁ?" ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ጥያቄውን ግን ሁለት ሆናችሁ ጠይቁት።

ሦስት ጥያቄዎች

በልደት ቀን ጉዞ ላይ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እንድትጠያየቁ እመክራለሁ። መጀመሪያ ባለልደቱ ይመልስ፤ ሌላው እንደ ድልድዩ የሰማውን ይድገም እንጂ አይከራከር።

1. ባለፈው ዓመት ከሁሉ የከበደህ፣ የከበደሽ ቀን የትኛው ነበር? እኔ ያን ቀን የት ነበርኩ?

2. ብቻህን፣ ብቻሽን የተሸከምከውና የተሸከምሽው፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለ?

3. እስከሚመጣው ልደት ድረስ በቤታችን አንድ ነገር ብቻ ቢለወጥ ምን እንዲሆን ትፈልጋለህ፣ ትፈልጊያለሽ?

አንዱ ጥያቄ ብቻ ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ። መልሱ ከባድ ሆኖ ብቻችሁን የማትወጡት ከመሰላችሁ የምታምኗቸውን ሽማግሌዎች ወይም አማካሪ ለመጥራት አትፈሩ። በቤት ውስጥ ዱላና ማስፈራራት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንዲህ ያለች እኅት ብቻዋን ወደ ሩቅ መንገድ እንድትወጣ አልመክራትም፤ አስቀድማ ለሚረዳት ሰው ትናገር።

አገር ቤት ላላችሁ

"እኛ ዱሉዝን ከየት እናምጣው?" የምትሉ አንባብያን እንዳላችሁ አውቃለሁ። አገራችን ሐይቅ አልተነፈጋትም። አዲስ አበባ ያላችሁ ቢሾፍቱ ከ50 ኪሎ ሜትር አትርቅም፤ ሻሸመኔ ያላችሁ ሐዋሳ ጎረቤታችሁ ናት። ጠዋት በአሳ ገበያው ዳር፣ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ማየት መርከብ ከማየት አያንስም። ባሕር ዳር የምትኖሩማ ወደቡ ደጃችሁ ነው። የመንገዱን ሁኔታ ጠይቃችሁ፣ ሰላም በሆነ ቀን ውጡ። መንገድ ካልተመቸ ደግሞ ከሰፈራችሁ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለ ዛፍ ጥላ ይበቃል። ከሐይቁ ይልቅ የሚያስፈልገው ጎን ለጎን የምትቀመጡበት ያልተቆራረጠ ጊዜ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላክል። ከ1905ቱ ማዕበል በኋላ የመርከብ ባለንብረቶችና መንግሥት በሰሜኑ የሐይቁ ዳርቻ፣ ስፕሊት ሮክ በሚባል ገደል ላይ፣ የመብራት ማማ እንዲቆም አደረጉ፤ በ1910 በራ። የሞቱትን አልመለሰም። በኋላ ለመጡት ግን መንገድ አሳየ። ማማው ከዱሉዝ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ራቅ ስለሚል በአንድ ቀን ሁሉን ለማየት አትሞክሩ፤ እርሱን ለባለቤታችሁ ልደት አቆዩት።

ከመጪዎቹ ወራት በአንዱ የትዳር ጓደኛችሁ ልደት ይኖራል። ዛሬ ማታ የቀን መቁጠሪያውን አውርዱና ቀኑን አብራችሁ አክብቡበት፤ ከሥራ ፈቃድም ቀድማችሁ ጠይቁ። በሚቀጥለው እትም ወደ አገር ቤት ስለሚላክ ገንዘብና ባልና ሚስት አስቀድመው ስለሚነጋገሩበት መንገድ እንወያያለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።